84 ሺህ ማይል የሚል ካምሪ፣ 171 ሺህ የሚል ደረሰኝ፦ ምን ላድርግ?

ሹፌሩ_ከሜሪላንድ · እሑድ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ሁሌ አንባቢ ነኝ፣ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ነገር ገጠመኝ።

ሐሙስ ዕለት የ2016 ቶዮታ ካምሪ ገዛሁ። ከዲለር (ፈቃድ ካለው መኪና ነጋዴ) ሳይሆን ከግለሰብ ነው። በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ነው ያገኘሁት። ስደውል ያነሳው ሰው ድምፁ የሐበሻ ሆነብኝ፣ በአማርኛ ቀጠልን፣ ደስ አለኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ፓርኪንግ ላይ ተገናኘን። መኪናዋ ታጥባ ትስቃለች። ቆጣሪው 84,212 ማይል ይላል። 11 ሺህ ዶላር ጠራ፣ ተከራክረን በ9,500 ጨረስን። ካሽ ሰጠሁት። ቡና ሁሉ ጋብዞኛል።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስኮርት ጎማ እንዳላት ልይ ብዬ የፖርታ ባጋሊዮውን ምንጣፍ አነሳሁ። ጎማው ሥር የተጣጠፈ ወረቀት አለ። የጎማ ቤት ደረሰኝ ነው። አራት አዲስ ጎማ፣ ማርች 2023። የቪን ቁጥሩን (የመኪናዋን መለያ ቁጥር) ከፊት መስታወቱ ሥር ካለው ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ራሷ ናት። ማይል በሚለው ቦታ ላይ 171,340 ተጽፏል።

ቤት ገብቼ ታይትሉን (የባለቤትነት ወረቀቱን) አወጣሁ። የፔንሲልቫኒያ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ ያለው ስም የሻጩ አይደለም፣ የአንዲት ሴትዮ ነው። ከጀርባው ሴትዮዋ ፈርማለች። የገዢ ስም የሚገባበት ባዶ፣ ማይል የሚሞላበትም ባዶ። ሻጩ «ስምህን ራስህ ጻፍና ውሰደው፣ ለአንተም ይቀልሃል» ብሎኝ ነበር። እኔም ያሰበልኝ መስሎኝ አመሰገንኩት!

ኡበር ልሠራባት ነበር። ታርጋ ገና አላወጣሁም። ደውዬለት «ጎማ ቤቱ ተሳስቶ ነው የጻፈው» አለና ዘጋው። ከዚያ ወዲህ አያነሳም። ምን ይሻለኛል?

ጋራዥ_14 · እሑድ ማታ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ደረሰኙን ፎቶ አንሳውና ዋናውን ከመኪናው አውጥተህ ቤት አስቀምጠው። ከመኪናዋ የሚበልጥ ዋጋ አለው አሁን።

እኔ አሌክሳንድሪያ ጋራዥ ነው የምሠራው። ብዙ ሰው ዲጂታል ቆጣሪ አይመለስም ብሎ ያስባል። ተገላቢጦሽ ነው። የድሮው ባለ ጥርሱ ሲነካካ ቁጥሮቹ ይንጋደዱ ነበር፣ ዓይን ያለው ያያቸዋል። የአሁኑን ግን ላፕቶፕ ሰክተው ቡና ሳይፈላ ይጨርሱታል። ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

ስለዚህ ቆጣሪውን ተወውና እግርህ ሥር እይ። የፍሬን ፔዳሉ ጉሚኒ ጥርሱ አለ ወይስ አልቋል? በተለይ የቀኝ ጠርዙ። 84 ሺህ የሄደ መኪና ላይ መስመሩ መታየት አለበት። የሹፌሩ ወንበር በበር በኩል ያለው ጎኑ ተሰባብሯል? መሪው ከላይ በግራ በኩል ያብረቀርቃል? ሰው እጁን የሚያሳርፈው እዚያ ነው።

ከዚያ ጎማዎቹን እያቸው። ጎኑ ላይ ዶት ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ረጅም ጽሑፍ አለ፣ መጨረሻው አራት አኃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመት። አንብበህ ጻፍልን።

ሹፌሩ_ከሜሪላንድ · እሑድ ማታ

በስልክ መብራት ወርጄ አየሁ። አራቱም 4722 ይላሉ።

ፔዳሉ ግን አዲስ ነው። ጥቁር፣ ጥርሱ ሙሉ።

ጋራዥ_14 · እሑድ ማታ

4722 ማለት በ2022 47ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ ኖቬምበር መጨረሻ። ማርች 2023 ተገዝቶ ተገጠመ። ደረሰኝህ እውነቱን ነው።

ፔዳሉ አዲስ መሆኑ ደግሞ የባሰ ነው። በ84 ሺህ ማይል የፍሬን ጉሚኒ የሚቀይር ሰው እስካሁን አላየሁም። በጥቂት ዶላር የሚገዛ ዕቃ ነው። የሚቀየረው እንዲታይ ነው።

ኧረ_ተዉ · ሰኞ ጠዋት

ሰውን ዝም ብላችሁ አታስደንግጡ። ካምሪ እኮ ናት! እኔ 260 ሺህ ያለፈች አለችኝ፣ ዘይት ብቻ ነው የምቀይርላት። ሞተሩ ጥሩ ከሆነ ቁጥር ምን ያደርጋል? ንዳትና ብላ። ደግሞ ካልፈለግካት በ3 ቀን ውስጥ መመለስ መብትህ ነው፣ ሕግ አለ።

ታይትል_ቤት_ነኝ · ሰኞ ጠዋት

የ3 ቀኑን ነገር እባካችሁ አታሰራጩ። ያ ሕግ ቤትህ ድረስ መጥተው ለሚሸጡልህ ነገሮች የወጣ ነው፣ መኪናን አይመለከትም። በየሳምንቱ «ሦስት ቀኔ አላለፈም» ብሎ የሚመጣ ሰው አለ። እያየሁት ያሳዝነኛል።

እኔ የታርጋና የታይትል ጉዳይ የሚያስፈጽም ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ሹፌሩ፣ አንድ ነገር ልለምንህ፦ ታይትሉ ላይ እስክሪብቶ እንዳታሳርፍ። አንዲት ፊደል። ተሳስተህ ብትፍቀው ወይም በነጭ ቀለም ብትሸፍነው ያ ወረቀት አለቀለት።

የያዝከው ኦፕን ታይትል ይባላል። ሴትዮዋ ፈርማ ሸጣለች፣ የገዛት ሰው በስሙ ሳያዞር ባዶውን ይዞ ዞረ፣ ለአንተ አስተላለፈ። ምናልባት በመሀል ሌላም እጅ አለ። በወረቀት ብንሄድ ሻጭህ ሴትዮዋ ናት። ቡና የጋበዘህ ሰው የለም። ስሙም ፊርማውም የትም የለም። ለዚህ ነው «ስምህን ራስህ ጻፍ» ያለህ። ግብር ላለመክፈል ብቻ የሚያደርጉት አሉ፣ ያለ ዲለር ፈቃድ ደጋግመው የሚሸጡ አሉ፣ እንዳንተው ደግሞ ማይሉን ላለመጻፍ የሚያደርጉት አሉ።

ባዶ የቀረችው የማይል ቦታ ዋናዋ ናት። በፌዴራል ሕግ ሻጩ ማይሉን ታይትሉ ላይ ራሱ ጽፎ መፈረም አለበት፣ ገዢውም አይቶ ይፈርማል። ሦስት ምርጫ አለው፦ ማይሉ ትክክለኛ ነው፤ ቆጣሪው ሞልቶ ዞሯል፤ ወይም የሚታየው ማይል ትክክለኛው አይደለም። አንዷን ነው የሚመርጠው። ድሮ 10 ዓመት ያለፈው መኪና ነፃ ነበር። ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ግን ለ2011 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ ላሉት 20 ዓመት ሆኗል። ያንተ 2016 ስለሆነች እስከ 2035 መጨረሻ ድረስ የግድ ነው። «አሮጌ ነው አያስፈልገውም» ካለህ ከ2011 በፊት ላለው ብቻ ነው የሚሠራው።

ጋሽ_በላይ_ከዲሲ · ሰኞ ጠዋት

ልጄ፣ አይዞህ። እኔ ዲሲ ታክሲ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ያላየሁት የለም።

ይሄ ኦፕን ታይትል የምትሉት አገር ቤት ውክልና የምንለው ነው። አዲስ አበባ መኪና በደንብ ሲሸጥ ሻጭና ገዢ ውልና ማስረጃ ቀርበው ይፈርማሉ፣ ሊብሬው በገዢው ስም ይዞራል። ስም ማዞሪያውን ላለመክፈል ግን በውክልና የሚሻሻጥ ሞልቷል። ውክልናው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ አራተኛው ሰው የሊብሬውን ባለቤት በመልክ አያውቀውም። ወንድሜ ቦሌ አንዲት ቪትዝ እንዲህ ገዝቶ፣ የሊብሬው ባለቤት ሞቶ ወራሾቹ መጥተው ነበር። ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለሰ። ኪሎ ሜትሩንም ተዉት፣ ከዱባይ መጣ የተባለ መኪና ሁሉ 60 ሺህ ላይ ነው የሚቆመው።

የኔ ምክር፦ ሰውየው የኛ ሰው ከሆነ ሰው ላክበት። የሚያውቀው ሰው አይጠፋም። ፖሊስና ጠበቃ ኋላ ይደርሳል።

ዓለም_ዳላስ · ሰኞ ከሰዓት

የኔ የማይል አይደለም፣ ግን ከታይትል ጋር ስለሚገናኝ ልናገር።

በ2018 ሆንዳ ገዛሁ። ታይትሉ ንጹሕ ነበር፣ ምንም ምልክት የለበትም። ከክረምት በኋላ መኪናው ውስጥ ሽታ መጣ። እርጥብ ጆንያ አይነት። ሽቶ ሰቀልኩ፣ አልሄደም። አንድ ቀን ልጄ የኋላ ወንበር ላይ እየተጫወተች ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳበችው። የመጨረሻዋ ክንድ የምታህል ቦታ ላይ ቡናማ መስመር አለ፣ ከመስመሩ በታች ጭቃ ደርቋል። ጎርፉ እስከየት እንደደረሰ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሂውስተን በ2017 ሃርቪ ያጥለቀለቃት መኪና ነበረች። ቴክሳስ ላይ ሳልቬጅ (ለመጠገን የማታዋጣ ብልሽ) ተብላ፣ ወደ ሌላ ስቴት ተወስዳ አዲስ ታይትል ሲወጣላት ምልክቱ ጠፋ። ታይትል ማጠብ ይሉታል። ከዚያ ተመልሳ ወደኔ።

ከዚያ በኋላ ቀበቶ ሳልስብ መኪና አልገዛም። ሰው ያየኛል፣ ይስቃል።

ሹፌሩ፣ የአገር አቀፉን የታይትል መዝገብ ሪፖርት አውጣ። ስቴቶች፣ ኢንሹራንሶችና የአሮጌ መኪና ግቢዎች መረጃ የሚያስገቡበት የመንግሥት መዝገብ ነው፤ በተፈቀደላቸው ድርጅቶች በኩል በጥቂት ዶላር ይገኛል። ታይትል በወጣ ቁጥር የተመዘገበውን ማይል ታያለህ። የተሰረቀ ወይም ሳልቬጅ የተባለ መሆኑን ደግሞ የኢንሹራንሶች የወንጀል መከላከያ ቢሮ ገጽ ላይ በነፃ ማየት ይቻላል፣ ቪኑን ማስገባት ነው።

ኧረ_ተዉ · ሰኞ ከሰዓት

ሁላችሁም የፊልም ታሪክ ታወራላችሁ። 9,500 ለካምሪ ርካሽ ነው። በርካሽ ገዝተህ አዲስ አምጣ አይባልም።

ጋራዥ_14 · ሰኞ ከሰዓት

ርካሽ የሆነው 84 ሺህ ከሆነች ነው። ጎማዎቹን ፎቶ ልኮልኝ አይቻቸዋለሁ፣ አልቀዋል። 171 ላይ የተገጠመ ጎማ ካለቀ ዛሬ 210፣ 220 ውስጥ ናት ብል አልሳሳትም። የካምቢዮ ዘይቷ ተቀይሮ ያውቃል? ውሃ ፓምፗስ? ሰው ቆጣሪውን አምኖ «ገና ናት» እያለ ይነዳታል፣ ኡበር ላይ ተሳፋሪ ይዞ መንገድ ላይ ትቆማለች። ደግሞ ብትጋጭና ኢንሹራንስ ካሳ ልክፈል ቢል ዋጋውን የሚያሰላው በማይል ነው።

አንተ ያንተን 260 ሺህ ስትገዛ ስንት እንደሄደች ታውቅ ነበር። ልዩነቱ እሱ ነው።

ሕግ_ቢሮ_ሠራተኛ · ሰኞ ማታ

ጠበቃ አይደለሁም፣ ጠበቃ ቢሮ ነው የምሠራው። ስለዚህ የምለውን ይዘህ ጠበቃ አማክር።

በመጀመሪያ ስለራስህ። ከዛሬ በኋላ አንተ ታውቃለህ። ይቺን መኪና ለሌላ ሰው «84 ሺህ» ብለህ ብትሸጥ ወንጀሉ ያንተ ነው። መሸጥ ካለብህ ማይሉ ትክክለኛ አይደለም የሚለውን ምልክት አድርገህ፣ ደረሰኙን አሳይተህ ነው።

ቆጣሪ መመለስ በ1972 በወጣ የፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፣ እስከ 3 ዓመት ያስቀጣል። ለተጎጂው ደግሞ የፍትሐ ብሔር መብት አለ፦ የጉዳቱ ሦስት እጥፍ ወይም 10 ሺህ ዶላር፣ የበለጠው። ብታሸንፍ የጠበቃህንም ይከፍላል። ጠበቆች እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚይዙት ለዚህ ነው። ግን ለማታለል አስቦ እንዳደረገው ማሳየት አለብህ፣ እና ያለህ ጊዜ 2 ዓመት ነው። ሽምግልና ጥሩ ነው ጋሽ በላይ፣ እኔም እወዳለሁ፣ ግን ሽማግሌ ሲቀጣጠር ዓመት እንደሚያልፍ እርስዎም ያውቃሉ።

ሻጩ «ዳሽቦርዱ ተቀይሮ ነው» ሊል ይችላል። እውነት ተቀይሮ የድሮውን ቁጥር ማስገባት ካልተቻለ ቆጣሪው ከዜሮ ይጀምራል፤ የሹፌሩ በር ፍሬም ላይ ከመቀየሩ በፊት የነበረውን ማይልና ቀኑን የሚገልጽ ወረቀት መለጠፍ አለበት። በሩን ክፈትና እይ። ከሌለ ያ ምክንያት አይሠራም።

የማርኬትፕሌሱን ማስታወቂያ፣ የተጻጻፋችሁትን፣ ሁሉንም ስክሪንሾት አንሳ። ዛሬ። ነገ ያጠፋዋል።

የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በዓመት ከ450 ሺህ በላይ መኪና በሐሰት ማይል ይሸጣል ብሎ ይገምታል። ብቻህን አይደለህም ለማለት ነው።

ሹፌሩ_ከሜሪላንድ · ረቡዕ ማታ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሪፖርቱን አወጣሁ። በ2019 ፔንሲልቫኒያ ላይ ታይትል ሲወጣላት 91,006 ማይል ተመዝግቧል። ያኔ 91 ሺህ የነበረች መኪና አሁን 84 ላይ ናት። ባለቤቴ አይታ «በሪቨርስ ነው የነዷት?» አለች። ከሐሙስ ወዲህ የሳቅነው ያኔ ነው።

የበሩ ፍሬም ላይ ምንም ወረቀት የለም። ማስታወቂያውን ስክሪንሾት ይዣለሁ፣ ገና አላጠፋውም ነበር። «84 ኪ ኦሪጅናል ማይልስ» ይላል።

ሻጩን የሚያውቀው ሰው ተገኘ። የባለቤቴ እህት ዕድር ውስጥ ያሉ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ደወሉለት። ለነሱ አነሳ። መጀመሪያ «እኔም እንዲሁ ነው የገዛሁት፣ አላየሁም» አለ። ከዚያ 2 ሺህ ዶላር ልመልስለት አለ።

ጋሽ_በላይ_ከዲሲ · ረቡዕ ማታ

2 ሺውን እንዳትቀበል። ሰው 2 ሺህ የሚሰጠው 5 ሺህ እንዳለበት ሲያውቅ ነው።

ታይትል_ቤት_ነኝ · ረቡዕ ማታ

ወስደህም ከታይትሉ ጋር ትቀራለህ እኮ። ሴትዮዋ ቀርባ ማይሉን ሞልታ እንድትፈርም ካልሆነ ታርጋ ማውጣት አትችልም። እሷ ደግሞ ስትሸጥ ስንት እንደነበረ ታውቃለች። እሱ የማይፈልገው ይሄንኑ ነው።

ሕግ_ቢሮ_ሠራተኛ · ረቡዕ ማታ

ሽማግሌ የተላከበት ቢሆንም አንድ ደብዳቤ በሪኮማንዴ ላክለት። ሪፖርቱን፣ ደረሰኙን፣ ማስታወቂያውን ኮፒ አያይዝ። ሙሉ ገንዘቡን በዚህ ቀን ካልመለስክ በሕጉ መሠረት እከስሳለሁ በል። 10 ሺህ የሚለውን ቁጥር ጻፈው። አትሳደብ።

ሹፌሩ_ከሜሪላንድ · ከ9 ቀን በኋላ

መለሰ። 9,500 ሙሉውን።

ያው ፓርኪንግ ላይ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ባሉበት። ብሩን መኪና ውስጥ ቆጠርኩት። ቁልፉንና ታይትሉን ሰጠሁት። ከመስጠቴ በፊት ቆጣሪውን፣ ቪኑን፣ ታይትሉን በሁለቱም ገጽ ፎቶ አነሳሁ። ፊቴን አላየም። ሽማግሌዎቹ አስታረቁን፣ ተቃቅፈናል። ምን ላድርግ፣ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

ኧረ_ተዉ · ከ9 ቀን በኋላ

እንኳን ደስ አለህ። እኔም ተሳስቻለሁ። የኔን ወንድም ልጅ መኪና ዛሬ ሄጄ ፔዳሉን አየሁት 😂

ጋራዥ_14 · ከ9 ቀን በኋላ

እንኳን ደስ አለህ። ደስታህን አልቀንስብህም፣ ግን መኪናዋ አሁን የት ናት? ባዶውን ታይትል መልሰህለታል። ቆጣሪው እዚያው ላይ ነው። ፔዳሉ እንደሆነ አዲስ ነው።

ሹፌሩ_ከሜሪላንድ · ከ9 ቀን በኋላ

አውቃለሁ። ሌሊት እሱን እያሰብኩ ነው ያደርኩት። ግን ገንዘቤን ካልወሰድኩ ክስ ዓመት ይፈጃል፣ ሥራ ፈትቼ ነው የተቀመጥኩት። የልጆች ነገር አለ። አንተ ብትሆን?

ጋራዥ_14 · ከ9 ቀን በኋላ

እኔም እወስድ ነበር። ስለዚህ ነው ያበሳጨኝ።

ሕግ_ቢሮ_ሠራተኛ · ከ9 ቀን በኋላ

ገንዘቡን መውሰድህ ከመጠቆም አያግድህም፣ ዝም እላለሁ ብለህ ካልፈረምክ። ለስቴቱ የሞተር ተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት መርማሪዎች ቪኑንና ፎቶዎቹን ስጣቸው። የፈረምከው ነገር አለ?

ሹፌሩ_ከሜሪላንድ · ከ9 ቀን በኋላ

የለም። መተቃቀፍ ብቻ። ሰኞ እደውላለሁ።

ጋሽ_በላይ_ከዲሲ · ከ9 ቀን በኋላ

ደውል ልጄ። ሽማግሌ ያስታረቀው ያንተን ጠብ ነው፣ የሚቀጥለውን ሰው አይደለም።

አዲስ_ገቢ_ላውረል · ከ16 ቀን በኋላ

ሰላም፣ አዲስ ነኝ። ውይይታችሁን ሳላነብ ስለምጠይቅ ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው። ዛሬ 5 ሰዓት ላይ አንድ ካምሪ ላይ ቀጠሮ አለኝ። 2016፣ ብርማ፣ 84 ሺህ ማይል። ሻጩ የኛ ልጅ ነው፣ በጣም ጨዋ። ታይትሉ የፔንሲልቫኒያ ነው፣ ችግር አለው እንዴ?

ሹፌሩ_ከሜሪላንድ · ከ16 ቀን በኋላ

የቪኑን የመጨረሻ 4 አኃዝ ጻፍልኝ።

አዲስ_ገቢ_ላውረል · ከ16 ቀን በኋላ

ማስታወቂያው ፎቶ ላይ ይታያል። 3906።

ሹፌሩ_ከሜሪላንድ · ከ16 ቀን በኋላ

ብር ይዘህ እንዳትሄድ። ደረሰኙ እኔ ጋ ነው። ስልክህን በውስጥ ላክልኝ፣ አሁኑኑ እደውላለሁ።